ፓምፕ የሚሰነጥቅ ሌሊት

ከዴንቨር በስተምሥራቅ፣ አውሮራ ዳር፣ ከባድ መኪኖች ጎን ለጎን የሚያድሩበት ሰፊ ጠጠራማ ግቢ አለ። ኅዳር ላይ ፀሐይዋ ከተራሮቹ ጀርባ የምትገባው ሥራ ሳያልቅ ነው፤ እሷ ስትገባ ሙቀቱም አብሯት ይሄዳል። ቀኑን በሹራብ ብቻ ሲሠሩ የዋሉ ሁለት ሰዎች አሁን ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ዘግተዋል። የመጨረሻውን መኪና አጥበው ጨርሰዋል። ወጣቱ ረጅሙን ጎማ እየጠቀለለ ነው፤ ጎማው ከአሁኑ መገተር ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት እዚሁ እንመለስ የለ? እንዲሁ ሸፍነነው ብንሄድስ?»

ታላቁ ሰው ከተሳቢው ላይ ሳይወርድ መለሰለት። «ውሃውን በሆዱ ይዞ ካደረ ነገ የምትመጣው ለሥራ አይደለም፤ ለቅሶ ልትደርስ ነው። ዘርጋው ጎማውን።»

ወጣቱ እያጉረመረመ የጠቀለለውን መልሶ ዘረጋ። ታላቁ ሰው ሞተሩን አጥፍቷል፤ ከታንከሩ የሚመጣውን ውሃም ዘግቷል። አሁን የመርጫውን እጀታ ወደ መሬት አዙሮ ምላጩን ስቦ ይዟል። ውስጥ የታመቀው ግፊት በአንድ ትንፋሽ ወጣ፤ ከዚያ ውሃው መንጠባጠብ ጀመረ። ደንበኛ የማይከፍልበት፣ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። የብርድ ወራትን ተሻግሮ ሚያዝያ ላይ ማሽኑን የሚያስነሳውን ሰው፣ አዲስ ከሚገዛው የሚለየው ግን ይኸው ነው።

ዴንቨርና አውሮራ ብዙ የአገራችን ሰው የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው። በሃቫና ጎዳናም ሆነ በምሥራቅ ኮልፋክስ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ ማግኘት አይቸግርም። ታክሲ የሚነዳ አለ፤ መኪና ማቆሚያ የሚሠራ አለ፤ ከባድ መኪና ይዞ ግዛት ለግዛት የሚዞር አለ። ከእነዚሁ መካከል አንዳንዱ አንድ ተሳቢ፣ አንድ የውሃ ታንከርና አንድ ፕሬሸር ዋሸር፣ ማለትም ውሃ በግፊት የሚረጭ ማጠቢያ ማሽን፣ ገዝቶ መኪኖቹ ወዳሉበት እየሄደ ማጠብ ይጀምራል። ሥራው በሞቃቱ ወራት ቀላል ነው። ችግሩ ገበያው በሞቃቱ ወራት ብቻ አለመሆኑ ነው። የኮሎራዶ መንገዶች በረዶ እንዳይይዙ ማግኒዥየም ክሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ጨው ይረጭባቸዋል። ይህ ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ቶሎ አይደርቅም። ከመኪናው ሆድ ሥር ተለጥፎ ብረቱን ያዝገዋል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን መጋጠሚያ ይበላል። ባለ ከባድ መኪናው ከሐምሌ ይልቅ በጥር ማሳጠብ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ማሽኑ ጋራዥ ውስጥ ማረፍ በሚገባው ወር ይበልጥ ይፈለጋል።

አዲስ አበባ ላቫጆ ውስጥ የሠራ ሰው ስለዚህ ማሽን ብዙ ያውቃል። መብራት ሲዋዥቅ ሞተር እንደሚቃጠል፣ ደፍራሽ ውሃ ቫልቭ እንደሚዘጋ፣ ፓምፕ ያለ ውሃ ከሠራ በራሱ ሙቀት እንደሚያልቅ ያውቃል። ውሃው ራሱ ግን እዚያ ጠላት ሆኖበት አያውቅም። ማታ ዘበኛው ማሽኑን በፕላስቲክ ይሸፍነዋል፤ ውሃው በውስጡ ያድራል፤ ጠዋት ይነሳል። ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ያደገ ሰው ደግሞ ውርጭ የባቄላ ማሳ በአንድ ሌሊት ሲያጠቁር አይቷል። እሱም ቢሆን ውርጭ ብረት ይሰነጥቃል ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም።

በእርግጥም ብረቱን የሚሰነጥቀው ብርዱ አይደለም። ባዶና ደረቅ የሆነ የናስ ፓምፕ በብርድ ጥቂት ይኮማተራል እንጂ ሌላ ምንም አይሆንም። የሚሰነጥቀው በውስጡ የቀረው ውሃ ነው። አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይጠባል፤ ውሃም እስከ 4 ዲግሪ ሴልሲየስ ድረስ ይህንኑ ሕግ ይከተላል። ከዚያ በታች ግን መልሶ መስፋት ይጀምራል። 0 ላይ ደርሶ ሲረጋ ሞለኪውሎቹ ስድስት ማዕዘን እየሠሩ ይያያዛሉ፤ በመካከላቸውም ባዶ ቦታ ይተዋሉ። በዚህ የተነሳ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ያድጋል። በረዶ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚሁ ነው።

9 በመቶ ሲሉት ትንሽ ይመስላል፤ መሄጃ ካለው በእርግጥም ትንሽ ነው። በግማሽ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ ሲረጋ ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ባልዲውም ምንም አይሆንም። መሄጃ ያጣ ውሃ ግን ግድግዳውን ይገፋል። ሙሉ በሙሉ የታፈነ ውሃ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች በወረደ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሲየስ 2,000 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። አብዛኞቹ የቤት ማሽኖች ከ2,000 እስከ 3,000፣ ለሥራ የሚውሉት ደግሞ 4,000 ፒኤስአይ ገደማ ያወጣሉ። እንግዲህ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ብቻ ሲወርድ፣ የታፈነው ውሃ ትልቁ ማሽን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚያወጣውን ያህል ግፊት ከውስጥ ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። ጭማሪው እየቀነሰ ቢሄድም፣ ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ሲደርስ 30,000 ፒኤስአይ ገደማ ይሆናል። መኪና ለማጠብ ይህን የሚችል ፓምፕ የሚሠራ የለም። መሥራትም አያስፈልግም፤ ውሃውን ማውጣት ይረክሳል።

ማውጣቱ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ለሥራ በሚውለው ማሽን ፓምፕ ውስጥ ሦስት ዘንጎች አሉ። ሦስት ሰው በአንድ ሙቀጫ ተራ በተራ እንደሚወቅጥ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሳል፤ ውሃው ፋታ ሳያገኝ ይገፋል። ዘንጎቹ ብዙውን ጊዜ ሴራሚክ ናቸው። ሴራሚክ መፋተግን በደንብ ይችላል፤ ምትንና መጣመምን ግን አይችልም። ከፊታቸው የናስ ወይም የአሉሚኒየም ራስ አለ። ለእያንዳንዱ ዘንግ አንድ የመግቢያ፣ አንድ የመውጫ፣ በድምሩ ስድስት ትናንሽ ቫልቮች እዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከጎን ደግሞ ምላጩ ሲለቀቅ ውሃውን ወደ ኋላ የሚመልስ፣ ባለሙያዎቹ አንሎደር የሚሉት ሌላ ቫልቭ አለ። ቫልቮቹ የተሠሩት ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ ነው። ስለዚህ ማሽኑን አዘንብሎ ማራገፍ በቂ አይሆንም፤ በሁለት ቫልቮች መካከል የተያዘው ውሃ በክብደቱ ብቻ አይወጣም። ጎማውም ቢሆን ቀላል አይደለም። 100 ጫማ ርዝመት ያለው የተለመደው ጎማ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ይጠቀለላል፤ በተጠቀለለበትም ያድራል።

እነዚህን ማሽኖች የሚጠግን አንድ ያገር ልጅ ጋራዥ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ የተፈታ የፓምፕ ራስ አየሁ። «እስቲ ስንጥቁን አግኝልኝ» አለኝ። ከላይም ከታችም አገላብጬ አየሁት፤ አንድም ነገር አይታይም። ተቀብሎኝ ከመብራቱ ሥር አዞረውና በጥፍሩ ጫፍ አሳየኝ። ከቫልቩ ቀዳዳ ተነስታ ወደ ቡሎኑ ቀዳዳ የምትሄድ ቀጭን መስመር ናት፤ ጣት ሲያልፍባት እንኳ አትሰማም።

«ባለቤቱ ምን አለ?»

«ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ ትናንት ማታ ደህና ነበር።»

ሰውየው አልዋሸም፤ ማታ ደህና ነበር። ጠዋትም ደህና መስሎ ይሆናል። ስንጥቁን የፈጠረው በረዶ ራሱ ስንጥቁን ደፍኖ ይይዘዋል፤ ማሽኑ ሞቆ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ጠብታ አይታይም። ጠጋኙን የሚያናድደው ግን ይህ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ባለ ማሽኑ ይመጣል፤ ገመዱን ይስባል፤ ገመዱ ይከብደዋል። ብርዱ ዘይቱን አወፍሮት ነው ብሎ ያስብና የበለጠ ይስባል። በረዶ የያዘው ሴራሚክ በሲሊንደሩ ውስጥ መንቀሳቀስ አይችልም፤ የገመዱ ስበት ግን ይገፋዋል። «ብርዱ የሚሰብረው አንዱን ነው» አለ ጠጋኙ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ሰውየው ጠዋት ጉልበቱን ሲያሳይ ሦስቱንም ይጨርሳቸዋል።» በኤሌክትሪክ የሚሠራው ደግሞ አዝራሩ ሲጫን ያጓራል እንጂ አይዞርም፤ ጣታቸውን ሳያነሱ ከቆዩ የሞተሩ ጥቅል ይቃጠላል። በርካሹ የቤት ማሽን ላይ ፓምፑን መቀየር ከአዲስ ማሽን ዋጋ ብዙም አይርቅም። ዋስትና አለኝ የሚል ሰው መመሪያውን ገልጦ ማየት አለበት፤ አምራቾች በውሃ መርጋት የሚመጣን ጉዳት በአብዛኛው ከዋስትናው ውጭ ያደርጉታል።

ያው ጠጋኝ ሥራው የሚበዛበት መቼ እንደሆነ ስጠይቀው ጥር ይለኛል ብዬ ነበር። ለካ በተከታታይ ማሽን የሚመጣለት ከመጀመሪያው ውርጭ በኋላ ነው። ነገሩን ካሰቡት ያስኬዳል። በጥር ሁሉም ሰው ፈርቶ ያድራል፤ ሰው የሚዘናጋው ቀኑ ሞቆ ሲውል ነው። ሚኒያፖሊስ ብርዱ አንዴ ከመጣ ወራት ይቀመጣል፤ ሰውም ማሽኑን አንዴ አዘጋጅቶ ያስቀምጠዋል። ዴንቨር ግን በጥር እንኳ የቀኑ አማካይ ከፍተኛ ሙቀት 45 ፋራናይት፣ ማለትም 7 ሴልሲየስ ገደማ ነው፤ የሌሊቱ ዝቅተኛ ደግሞ 20 ፋራናይት ገደማ ይወርዳል። ውሃ የሚረጋበትን 32 ፋራናይት በየቀኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሻገር አየር ነው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ና ሥራ ትላለች፤ ማታ ሒሳቡን ታስከፍላለች። ከባሕር ጠለል በላይ 5,280 ጫማ ላይ ያለችው ደረቅ ከተማ ሙቀት የሚያቆይ ደመና ብዙ የላትም።

የድንገቱን ልክ ለማወቅ ሁለት ቀኖችን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2019 ዴንቨር 83 ፋራናይት ሞቃ ዋለች፤ ሰው በካኒቴራ ይሄድ ነበር። በማግሥቱ ሌሊት 13 ፋራናይት ደረሰች፤ በረዶም ጥሎ ነበር። በሴልሲየስ ከ28 ወደ ከዜሮ በታች 11 ወረደች ማለት ነው። ዲሴምበር 21 ቀን 2022 ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ42 ወደ 5 ፋራናይት ተወረወረ፤ ሲነጋ ከዜሮ በታች 24 ፋራናይት ሆኖ ተገኘ። በዚያች ሰዓት ደጅ ላይ ሲያጥብ የነበረ ሰው ጎማውን ለመጠቅለል እንኳ ጊዜ አልነበረውም።

እንዲህ ያለው ግን በየዓመቱ አይመጣም። በየዓመቱ የሚመጣው ተራው ውርጭ ነው። ዴንቨር የመጀመሪያውን በአማካይ የምታየው ኦክቶበር 7 ገደማ፣ መስቀል በዋለ በአሥረኛው ቀን ግድም ነው። ለበዓሉ የተሰበሰበው ሰው ነጠላውን አጥቦ ሳያስቀምጥ ማለት ይቻላል። የአየር ትንበያው 36 ፋራናይት ካለም እፎይ ማለት አያዋጣም። ጥርት ባለ ሌሊት ደጅ ያደረ ብረት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚያጣ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ እያለ የመኪና መስታወት ውርጭ ለብሶ የሚገኘው በዚህ ነው። ነፋስ ደግሞ ዕቃውን ከአየሩ በታች አያቀዘቅዘውም፣ መቀዝቀዙን ግን ያፋጥነዋል። በተሳቢ ላይ ተጭኖ በአውራ ጎዳና የሚበር ማሽን ግቢ ውስጥ ከቆመው በፊት ይረጋል።

ወደ ግቢው ልመለስ። ጎማው ከተዘረጋ በኋላ ወጣቱ ከፓምፑ በኩል ነቅሎ አንዱን ጫፍ ወደ ትከሻው አነሳው፤ እየተራመደ በእጁ ከፍ እያደረገ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። ሁለቱ ሊትር ከፊቱ እየሸሸ ጠጠሩ ላይ ፈሰሰ። ታላቁ ሰው በዚህ መሃል የሞተሩን ማጥፊያ ዘግቶ የካንዴላውን ሽቦ ነቅሎ የማስነሻ ገመዱን ደጋግሞ ሳበ። ሞተሩ አይነሳም፤ ፓምፑ ግን ይዞራል። በእያንዳንዱ ስበት ከመውጫው ምራቅ የምታህል ውሃ ትተፋለች። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ውሃው ተነቅሎ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ማስነሳት ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ በደረቁ ማዞር ውሃ የሚይዙትን ጎማዎች ያቃጥላል። የውሃ መግቢያው ላይ ያለችውን ማጣሪያም ፈትቶ አራገፋት። ብዙ ሰው ይህችን ይረሳታል፤ ስትሰነጠቅ አየር ታስገባለች፤ ከዚያ ማሽኑ ግፊት አጣ ተብሎ ፓምፑ ይከሰሳል።

ብዙ የቤት ማሽኖች በዚህ ደረጃ ላይ ሆነው ሙቀት ያለው ክፍል ውስጥ ከገቡ በቂ ነው። ደጅ የሚያድረው ግን ተጨማሪ ይፈልጋል። ታላቁ ሰው ከመኪናው ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ የያዘ ጀሪካን አወጣ። ይህ ለካምፕ መኪኖች ቧንቧ የሚሸጠው አንቲፍሪዝ ነው፤ ዋናው ንጥረ ነገሩ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፤ እሱም በምግብ ውስጥ ጭምር የሚገባ ነገር ነው። ለመኪና ራዲያተር የሚሸጠው የተለመደው አንቲፍሪዝ ግን ኤትሊን ግላይኮል ነው። መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ድመት ይልሱታል፤ ኩላሊት ይገድላል። ሕፃንም ያው ነው። ቤት ስላለ ብቻ እሱን ማሽን ውስጥ መጨመር ብልጠት አይደለም፤ ማሽኑ ነገ የሚረጨው የሰው ደጅ ላይ ነው።

ሮዙን ፈሳሽ ባልዲ ውስጥ አፍስሶ አጭር ጎማ ከፓምፑ መግቢያ ጋር አገናኘ፤ ገመዱንም እንደገና ሳበ። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ወጣ፤ ቀጥሎ ሐመር ሮዝ፤ ከዚያ ከባልዲው የማይለይ ሮዝ። ሐመሩ ላይ ያቆመ ሰው ራሱን ሸንግሏል፤ ከውሃ ጋር የተቀላቀለ አንቲፍሪዝ ቀድሞ ይረጋል። ጀሪካኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ከዜሮ በታች 50 ፋራናይትም በትክክል መነበብ አለበት። ቧንቧ እንዳይፈነዳ የሚጠብቅበት ልክ ነው እንጂ ፈሳሹ እስከዚያ ድረስ እንደ ውሃ ይፈስሳል ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት ይወፍርና በከፊል ይረጋል፤ ብረት ለመስበር የሚያህል ጉልበት ግን አይኖረውም። ርካሹ ዓይነት አልኮል የበዛበት ስለሚሆን ለፓምፑ ጎማዎች አይመችም፤ መለያውን አንብቦ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚለውን መግዛት ይሻላል።

በማግሥቱ ይህ ፈሳሽ ይወጣል። ባልዲ ውስጥ ቢቀበሉት ለሌላ ሌሊት ይሆናል። ወደ ጎዳናው ማፍሰሻ መልቀቅ ግን አይገባም፤ በዴንቨር የጎዳና ማፍሰሻ ሳይጣራ ወደ ሳውዝ ፕላት ወንዝና ወደ ገባሮቹ ነው የሚሄደው።

ሙቅ ውሃ የሚረጩት ትልልቅ ማሽኖች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በውስጣቸው የናፍጣ እሳት የሚያሞቀው፣ ብዙ ጊዜ የተጠመጠመ ረጅም የብረት ቧንቧ አለ። በገመድ ስበት አይራገፍም። በኮምፕሬሰር አየር ሲነፉት አብዛኛው ውሃ ይወጣል፤ በየጥምጥሙ ታችኛ ጎን የሚቀረው ግን ይቀራል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የመርጫውን ጫፍ አንቲፍሪዙ ወዳለበት ታንከር መልሰው፣ ፈሳሹ በፓምፑ፣ በጥምጥሙና በጎማው ውስጥ ዞሮ እንዲመለስ ያደርጋሉ። አንድ ጥምጥም መቀየር የስንት ቀን ገቢ እንደሚበላ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ አይረዝምበትም።

ታሪኩን ለሚወድ አንባቢ፣ በአውሮፓ የመጀመሪያውን ባለ ሙቅ ውሃ የግፊት ማጠቢያ እ.ኤ.አ. በ1950 የሠራው ጀርመናዊው አልፍሬድ ኬርሸር ነው። ከዚያ በፊት ድርጅቱ ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱ በብርድ አልነሳ የሚሉ የአውሮፕላን ሞተሮችን የሚያሞቁ መሣሪያዎችን መሥራት ነበር። ማሽኑ ከብርድ ጋር ያለው ክርክር ከመወለዱ በፊት ተጀምሯል ማለት ነው።

ለምን አናሞቀውም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሙቀት ያለው ጋራዥ ካለ ከዚያ የሚበልጥ የለም። ችግሩ ሙቀቱ ሲቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን የመታው ብርድ የዳላስን ሙቀት ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት አድርሶ ነበር፤ በዚያው ሰሞን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች መብራት ጠፋ። በኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተማመነ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተጋለጠ። ፓምፕ ውስጥ ያለ ሮዝ ፈሳሽ መብራት አይፈልግም።

ከሁሉ የከፋው ግን ማሽኑን ለማዳን ሲባል ሰው የሚያልቅበት ዘዴ ነው። ብርድ ነው ብሎ በቤንዚን የሚሠራን ማሽን በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሳት፣ ወይም ማሽኑ ባለበት ዝግ መኪና ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ አብርቶ ማደር የማይገባ ነው። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። የከሰል ምድጃ ይዞ በተዘጋ ቤት መተኛት ምን እንደሚያመጣ እኛ ማንም አይነግረንም፤ እዚህም የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። በር ትንሽ ገርበብ ማድረግም አያድንም።

ረግቶ የተገኘ ማሽን ምን ይደረጋል? ገመዱ ከከበደ እጅን ማንሳት ነው። ወደ ሙቅ ክፍል አስገብቶ በራሱ ጊዜ እንዲቀልጥ መተው፤ ትልቅ ከሆነ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። የፈላ ውሃ የሚያፈስበት፣ በእሳት የሚለበልበው ሰው አይጠፋም፤ በብርድ የቆየ ሴራሚክና ናስ ድንገተኛ ሙቀት ሲያገኘው ብርዱ የተወውን እሱ ይጨርሰዋል። ከቀለጠ በኋላ ሞተሩን ሳያስነሱ ውሃ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ምላጩ ተስቦ ውሃው ከጫፍ እስከ ጫፍ በነጻ ከፈሰሰ፣ ከፓምፑ ሥርም ጠብታ ከሌለ፣ ያኔ ማስነሳት ይቻላል። ጎማውንም መዘንጋት አይገባም፤ የረጋ ጎማ ሲታጠፍ ውስጡ ይሰበራል፤ በውስጡ የቀረ የበረዶ ቁራጭ ደግሞ በግፊት ሲወጣ ሰው ይጎዳል።

በብርዱ መሥራት የግድ ሲሆን ሰዓቱን መምረጥ ነው። ከረፋዱ እስከ ከሰዓት አጋማሽ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል። ከዜሮ በታች ከሆነ የሚረጨው ውሃ መሬት ላይ የማይታይ በረዶ ይሆናል፤ ተንሸራቶ የወደቀው ሾፌር ጠበቃ ይዞ ሲመጣ የታጠበው መኪና ዋጋ አይበቃም። መኪናው ከታጠበ በኋላም ጥቂት ነድቶ ፍሬኑን ማድረቅ ያስፈልጋል። እርጥብ ፍሬን ቆሞ ሲያድር ይረጋና ከከበሮው ጋር ይጣበቃል፤ ጠዋት መኪናው አልንቀሳቀስ ይላል፤ ወቀሳው ወደ አጣቢው ነው።

ማሽን ብቻ አይደለም ውሃ የሚይዘው። ቤት ላይ ያለው የውጭ ቧንቧ ውርጭ የማይበግረው የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። እሱ ውሃውን የሚዘጋው ሙቀት ባለበት በግድግዳው ውስጠኛ በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ ውጭ የቀረውን ያራግፋል። ጎማው ከተተወበት ግን ማራገፍ አይችልም። ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሚታወቀው በጸደይ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ አትክልት ሲያጠጣ፣ ውሃው ምድር ቤቱን ሲያጥለቀልቀው ነው። ጎማውን መንቀል አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቤንዚኑ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከብርዱ ይልቅ ወራቱ ያበላሸዋል። ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ማቆያ ፈሳሽ ጨምሮ ጥቂት ማሠራት፣ ወይም ካርቡራተሩ እስኪደርቅ ድረስ ቤንዚኑን መጨረስ ነው።

ማሽኑ ተኝቶ ከርሞ ሚያዝያ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው የፓምፑ ዘይት ነው። በብዙዎቹ የሥራ ማሽኖች ላይ ትንሽ የመስታወት ዓይን አለች፤ ብርሃን ይዞ ማየት ነው። ዘይቱ ጥርት ብሎ ከታየ አንቲፍሪዙን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ሥራ መጀመር ይቻላል። ነጥቶ ከተገኘ ግን ውሃ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሞተሩን ለማስነሳት መሞከር አያስፈልግም፤ ፓምፑን ፈትቶ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ነው፤ በሚያዝያ ደግሞ ወረፋው ረጅም ነው።